የአቶ መንገሻ ባለ አንበሳ በር

በእኛ ወፍጮ ሰፈር አንዲት አባባል አለች። ሱፉን አስተኩሶ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ካልሲው ተረከዙ ላይ የተቀደደ ሰው ሲገኝ ትነገራለች። ልጁን ድል ባለ ሠርግ ድሮ በማግስቱ ለመብራት የሚከፍለው ያጣ አባት ሲታይም ትነገራለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት አስተማሪ «ይህች ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስናት ናት» ብሎ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰምቼ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ጥንት አለ! ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ስትወለድ እዚያው ነበርኩ፤ ከመወለዷ በፊት በነበረው ምጥማ እስከ ውስጥ ልብሴ ርሻለሁ።

ደምሰው እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። ሌላው ሰው ቤት ሲያይ ከደጅ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የማየው፤ ሥራዬ ነውና አትፍረዱብኝ። ሰላም ለማለት በገባሁበት ቤት ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ የሰው ፊት እያየህ ሰላም በል እንጂ» እያለች ስትቆጣኝ ኖራለች።

ነገሩ የመጣው ከተማ አስተዳደሩና የሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር በተስማሙበት ዓመት ነው። ሰፈራችን ያረጀ የጭቃ ቤት ሰፈር ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ወደ ጎረቤት አዘንብሏል። ባንክ ሄደን «ቤት ማደሻ አበድሩን» ብንል «ምን ታስይዛላችሁ?» ይሉናል፤ ያለን ያው የሚያፈሰው ቤት ነው። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ እያፈራረቅን መስከረምን እንጠብቃለን። በዚያ ዓመት ታዲያ ለእድሳቱ ከሚያስፈልገው ግማሹን ከተማው ሊሰጥ፣ ግማሹን ማኅበራችን በትንሽ ወለድ ሊያበድር ተስማሙ ተባለ። እኛ መጀመሪያ አላመንንም። ከተማው ሲወስድ እንጂ ሲሰጥ አይተን አናውቅማ!

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ስንዱ የእኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማትደጋግም ልጅ። በቀበሌው አዳራሽ ሰብስባን እንዲህ አለችን።

«መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ከዚያ ሽንት ቤት። ቀለምና አጥር በየራሳችሁ። ገንዘቡን በእጃችሁ እንሰጣለን፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ግን የከተማው መሐንዲስ እየዞረ ያያል። የፈረማችሁበት ሥራ ካልተሠራ ከተማው ግማሹን መልሶ ይወስዳል።»

ቤቶቹን እየዞርኩ እንድለካ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከሁሉ የባሰው የወዳጄ የመንገሻ ጣሪያ ሆኖ ተገኘ። መንገሻ መናኸሪያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ትኬት ቆርጦ ጡረታ የወጣ፣ ያለውን የማይሰስት፣ ኩሩ ሰው ነው። ቤቱ ግን ቀን ፀሐይ፣ ማታ ኮከብ የሚታይበት ነበር። በዚያ ላይ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ሰፍተው፣ ወጥረው፣ ነጭ ቀለም ቀብተውታል። ላየው ያምራል። አርባ ቆርቆሮ ያስፈልጋል ብዬ ጻፍኩ፤ መንገሻ ፈረመ፣ ገንዘቡንም ወሰደ።

በሳምንቱ ነው ወሬው የመጣው። የመንገሻ ልጅ መክሊት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ የተዋወቀችው ዳግም የሚባል ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተነገረ። ለግንቦት የመጨረሻው እሑድ ተቀጠረ። ልጅቱ ልጁን ወዳዋለች፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። እናቷ ወይዘሮ አስካለም ደስ ብሏታል። መንገሻ ብቻ እንቅልፍ አጣ። የዳግም ወላጆች ከአስፋልቱ ማዶ ያሉ ባለ ፎቅ ናቸው፤ «የልጄን ቤት አይተው ቢንቋትስ?» የሚል ፍርሃት ያዘው። በማግስቱ ሥራ ቦታዬ መጣ።

«ደምሰው፣ እንግዳ ቤትህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው?»

«ውሻ ካለ ውሻውን።»

«አትቀልድብኝ። በሩን ነው። እኔ በገመድ የማስረው በር ይዤ የባለ ፎቅ ሽማግሌ ልቀበል?»

«ጣሪያውስ?»

«ጣሪያ ማን ቀና ብሎ ያያል? ካንተ በቀር። ኮርኒስ አለው፣ ይሸፍነዋል። ክረምቱ የሚገባው በሰኔ አይደል? ሽማግሌ በግንቦት፣ ቆርቆሮ በሰኔ። ዕቁቤ ሲደርሰኝ እተካዋለሁ።»

እዚህ ላይ እጁን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ወዳጄ ልጁ እንዳትናቅበት ሲጨነቅ አይቼ አንጀቴን በላኝና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አልኩት። እንዲያውም በሩ ሲመጣ በአንድ ወገን ተሸክሜ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

በሩማ በር ነበር! ብየዳ ቤቱ ሥራውን ሁሉ ትቶ የሠራው፣ ሁለት ተካፋች፣ ከአጥሩ አንድ ክንድ ከፍ ያለ። በየተካፋቹ ላይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ አንበሳ ተፋጦ ቆሟል። የቀኙ አንበሳ ግሩም ነው። የግራው ላይ ግን ባለሙያው ሳይደክመው አልቀረም፤ ትንሽ ፍየል ፍየል ይላል። ሰፈርተኛው እየመጣ አየ፣ አደነቀ። ወይዘሮ አስካለ ብቻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አሁን ገና ሌባ ይመጣል፤ ውስጥ ምን ቢኖር ነው ብሎ» አለች።

ስንዱም በዚያ ስታልፍ አየችው፤ መንገሻም ደጁ ላይ ነበር። ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በር ነዋ ልጄ።»

«በርነቱንማ አየሁ። ጣሪያው የታለ?»

«ቦታው ላይ አለ፤ የት ይሄዳል?»

«እኔ የምጠይቅዎ አዲሱን ነው።»

«እሱ ይመጣል። አንቺ ብቻ መሐንዲሱን ትንሽ ያዝ አድርጊልኝ።»

«መሐንዲሱንስ እንደ ምንም ልያዘው» አለች ስንዱ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ተራራ እያየች፤ «ደመናውን ማን ይይዝልዎታል?»

መንገሻ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጣሪያውን አውቀዋለሁና።

ሰኔና ሰኞ ገጠመ ይባላል። ለመንገሻ ግንቦትና እሑድ ገጠሙ። በዚያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ሰማንያን የተሻገሩ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ጋሽ አድማሱ ናቸው። ከእሳቸው ጋር መምሬ ይትባረክና የልጁ አጎት አሉ። በሴቷ ወገን እኔና መንገሻ ቆመን ተቀበልናቸው። መምሬ በሩ ላይ ጥቂት ቆም አሉና በጥምጥማቸው ሥር አሻቅበው አዩ።

«ይሄኛው በግ ነው?»

«አንበሳ ነው አባቴ» አለ መንገሻ።

«ይሁን፤ ሁሉም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» ብለው ገቡ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስ። ባለቤት ደግሞ ቢፈልግም ባይፈልግም የዚያኑ ዕለት እሺ አይልም። «ዘመድ አማክረን እንመልሳለን» ብሎ ሁለት ሳምንት ያስቆጥራል፤ አለዚያ ልጁን የጣላት ይመስልበታል። እና እንግዶቹ መሐል ቤት ቆሙ፤ እኛም ቆምን። መንገሻ «ኧረ ተቀመጡ» አለ፤ እነሱም «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሁሉም በወጉ እየሄደ ነበር።

ጋሽ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ…» ከማለታቸው ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ጧ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። እንደዚያ ያለ ዶፍ በሐምሌም አላየሁ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አጠገቤ ያለው ሰው የሚለው አይሰማኝም። ጥቂት ቆይቶ ጠብታ ጀመረ። የመጀመሪያዋ መምሬ ትከሻ ላይ አረፈች።

«አባቴ፣ ወደዚህ ጠጋ ቢሉ» አለ መንገሻ።

መምሬ ጠጋ አሉ። እዚያም ጠብ አለ። «ወደዚያ ቢሆን ይሻላል።» ሦስቱም ወደዚያ ተንቀሳቀሱ። እዚያም ወረደ። «እስኪ ወደ መስኮቱ።» ይሄኔ የልጁ አጎት ጥግ ላይ ጥላውን ዘረጋና፣ ሰው እንዳይቀየም ፈርቶ ነው መሰል፣ «ለብርድ ነው፤ ብርድ አይስማማኝም» አለ። አሁን የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? አንድም ሰው ዝናቡን አላነሳም። ጨዋ እንግዳ የባለቤትን ጉድለት አያይማ! ጋሽ አድማሱ ከጆሯቸው ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ «ዘመኑ ጥሩ ነው፤ እህሉም ያምራል» ይላሉ።

እኔ ዓይኔ ኮርኒሱ ላይ ነበር። የማዳበሪያው ከረጢት መሐሉ ላይ ማበጥ ጀምሯል። መጀመሪያ እንደ ትራስ፣ ቀጥሎ እንደ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆድ። ያለው ደግሞ በትክክል ከጋሽ አድማሱ ራስ በላይ ነው። መንገሻን በክርኔ ጎሰምኩት። አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። መጋረጃው ተገለጠና መክሊት ትልቅ ሳፋ ይዛ ወጣች። በደንቡ በዚያ ቀን መታየት አልነበረባትም፤ ግን ማን ሳፋ ያቅርብ? እናቷ በመኝታ ቤት በኩል በባልዲ ተይዛለች።

«አባቴ፣ ይቅርታ፤ እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ብላ ሳፋውን አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ልጅቱ አንቺ ነሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ። ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉ…»

አልጨረሰችም። ኮርኒሱ ተተረተረ። የያዘው ውሃ ሁሉ፣ ከሃያ ዓመት አቧራና ከአንድ የወፍ ጎጆ ጋር፣ ጋሽ አድማሱ ላይ ወረደ።

ዝናቡ እንኳ የደነገጠ መሰለኝ። ጋሽ አድማሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከትከሻቸው ላይ ጭራሮ አነሱ፣ ከዚያም ካቆሙበት ቀጠሉ። «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው።»

መንገሻ ሊመልስ አፉን ከፈተ። «ዘመድ አማክረን» ማለት ነበረበት። እሱ ግን እዚያው ርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ጌቶቼ» አለ፣ «አልዋሻችሁም። ለጣሪያ የተሰጠኝን ገንዘብ በር አድርጌዋለሁ። ልጄ እንዳትናቅብኝ ብዬ ነው። ያዋረድኳት እኔው ነኝ።» በሕይወቴ እንደዚያ ያዘንኩለት ጊዜ የለም።

ጋሽ አድማሱ ጎንበስ ብለው ክንዱን ይዘው አነሱት። «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «ዘመድ አማክሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንመጣለን።» ይህን ብለው ወጡ። ይምጡ አይምጡ ያወቀ አልነበረም። ባለ ፎቅ ሰው ውሃ ተደፍቶበት ይመለሳል ብሎ ማን ያስባል?

ሲሄዱ መክሊት አባቷ ፊት ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ተቆጣች።

«አባዬ፣ ዳግም እኮ ጣሪያችን እንደሚያፈስ ያውቃል። እኔው ነግሬዋለሁ። በሩን ለማን ነው የሠራኸው?»



ሰኞ ጠዋት መንገሻ ብየዳ ቤቱ ገና ሳይከፍት ደጁ ላይ ተገኘ። ደግነቱ አንድ ባለ ሆቴል አንበሶቹን አይቶ ቋምጦ ኖሯል፤ በሩ ከነፍየሉ ተሸጠ። ዋጋው ቀነሰ፤ ጎደሎውን መንገሻ የዕቁብ ዕጣውን ከጎረቤት ተለዋውጦ ሞላው። አርባው ቆርቆሮ መጣ። የእጅ ሥራው ከእኔ ነው አልኩት፤ ያን በር የተሸከምኩበት ትከሻ ይካስ ብዬ።

ቅዳሜ ዕለት የጣሪያውን ወራጅ እንጨት አስተካክዬ ቆርቆሮ መምታት ስጀምር በጎረቤት በኩል መሰላል ተደገፈ። አንድ መለሎ ልጅ አሮጌ ሱሪ ለብሶ፣ መዶሻ ይዞ ወጣ።

«ማነህ?» አልኩት።

«ዳግም ነኝ ጋሼ።»

«አንተ! መልስ ሳታገኝ የልጅቱ አባት ቤት መግባት ነውር አይደለም?»

«ቤት አልገባሁም እኮ» አለ፤ «ጣሪያ ላይ ነው ያለሁት።»

ምን እላለሁ? ሚስማር አቀበልኩት። መንገሻ ከታች ሁለት መዶሻ ሲመታ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ። አንዴ ብቻ ከግቢው ቀና ብሎ «ደምሰው፣ ዛሬ እጅህ ፈጥኗል» አለና ፊቱን አዙሮ ገባ። ወይዘሮ አስካለ ለምሳ ሁለት ሳህን በመሰላሉ አቀበለችን። ማንም ማንንም አላየም፤ ደንቡም አልተሰበረ።

ሐሙስ መሐንዲሱ ከስንዱ ጋር መጣ። ጣሪያውን በጥንቃቄ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ፈረመ። ሲወጣ በሩ የነበረባቸውን ሁለት ባዶ የኮንክሪት ምሰሶዎች አይቶ «ግቢው በር የለውም እንዴ?» አለ። ስንዱ ወረቀቷን ገልጣ አየች፤ «ቅጹ ላይ በር የለም» አለችና መንገሻን በዓይኗ ጥቅስ አድርጋው ሄደች።

እሑድ ደረሰ። ዝናቡም አብሮ ደረሰ፤ አሁንማ ሰኔ ነው፣ መብቱ ነው። መንገሻ ከጠዋት ጀምሮ በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል መንገዱን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። መክሊት መጋረጃው ጀርባ ትንጎራደዳለች፤ ኮቴዋ ይሰማናል። አሥር ሊሞላ ሲል ሦስት ጥላ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። መንገሻ የሚደርበውን እንኳ ሳያነሳ ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እንደ ወጉ ቆሙ። መምሬ ወደ ላይ አዩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ ምንም ጠብ አላለም። «ሰጥተናችኋል» አለ መንገሻ፤ ዘመድ ስለ ማማከሩ አላወራም፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ቀለጠ። እንግዶቹም ተቀመጡ።

ጋሽ አድማሱ ጋቢያቸውን ሰብስበው አዲሱን ቆርቆሮ ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ ወደ ደጅ አመለከቱ።

«በሩስ?»

«ጣሪያ ላይ ወጣ አባቴ» አለ መንገሻ።

ሁላችንም ሳቅን። መንገሻ ግን ሳቁ ቶሎ ከፊቱ ጠፋና አንገቱን ደፋ። «ያለ በር ግቢ ማስገባቴ አሳፍሮኛል» አለ፤ «ታዘባችሁኝ ይሆናል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አኖሩ።

«ተው ልጄ፤ እኛ በር ብናጣም ደጅ ቆመን ‹ቤቶች!› ብለን እንጣራለን፤ ዝናብ ግን በር አያንኳኳም።»